እናቴ «ሥራ ስጡኝ» ትላለች፤ ምን ልስጣት?

የአፍንጮ በር ልጅ
ጥቅምት 24፣ ከምሽቱ 3፡40

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። ረዘም ቢል ታገሡኝ።

እናቴ 79 ዓመቷ ነው። የምንኖረው አፍንጮ በር፣ እኔ በተወለድኩበት ቤት ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ሐኪም አልዛይመር ነው አለን። ከዚያ በፊት ሰው ሁሉ «ዕድሜ ነው፣ ጃጅታ ነው» ይል ነበር። እኛም እንደዚያው።

እናቴ ቁጭ ማለት የማታውቅ ሴት ነበረች። ስድስት ልጅ ያሳደገችው እንጀራ እየሸጠች ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥታ ምጣድ ትጥዳለች። እኛ ስንነሣ መሶቡ ሞልቶ፣ ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ነው የምናገኘው።

በሽታው ሲታወቅ እኛ ልጆቿ ምን አደረግን? አስቀመጥናት። «እማዬ፣ ብዙ ደክመሻል፣ አሁን የምትጦሪበት ጊዜ ነው» አልናት። ጓዳ ስትገባ እጇን ይዘን እናወጣታለን። ቢላዋ ስታነሣ እንቀማታለን። ጋቢ አልብሰን ሶፋ ላይ እናስቀምጣታለን፣ ቴሌቪዥን እንከፍትላታለን። ማክበራችን ነበር።

አሁን ቀኑን ሙሉ ትነሣለች፣ ትቀመጣለች። የጋቢዋን ጫፍ እንደ ጥጥ ስትፈትል ትውላለች። 11 ሰዓት ሲሆን «ቤቴ ልሂድ፣ ልጆቼን ራባቸው» ትላለች። ባለፈው ሳምንት ፊት ለፊቴ ቆመችና «ሥራ ስጡኝ እንጂ፣ ነውር እኮ ነው ሰው ቤት እንዲህ ተቀምጦ መብላት» አለችኝ። በገዛ ቤቷ እንግዳ ሆናለች። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ምን ላሠራት? የሞከራችሁትን ንገሩኝ።

ጀበና
ጥቅምት 24፣ ከምሽቱ 4፡02

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያበርታሽ። አያቴን ስድስት ዓመት ይዣለሁ። «ሥራ ስጡኝ» ማለታቸው ደግ ነገር ነው። እኔ የፈራሁት አያቴ ዝም ማለት የጀመረች ቀን ነው።

ከቡና ጀምሪ። ጥሬ ቡናውን ሰፌድ ላይ አድርገሽ ከፊታቸው አስቀምጪ። አንቺም አጠገባቸው ቁጭ ብለሽ ልቀሚ። «ልቀሚ» አትበያቸው። እጃቸው ራሱ ይገባል።

መቁላቱን እኔ ነበርኩ የምይዘው፣ ከሰሉና እሳቱ ስለሚያሰጋኝ። ጭሱን ግን መጀመሪያ ለሷ ነበር የማቀርበው። ሙቀጫው የሷ ነበር። በመጨረሻው ዓመት እንኳን፣ ስሜን ረስታ፣ ዘነዘናውን ሳስይዛት በልኩ ትወቅጥ ነበር። እኔ ሳላልም ዱቄቱን በጣቷ አሽታ «ገና ነው» ትለኝ ነበር።

ለገሃሬ
ጥቅምት 25፣ ከጠዋቱ 1፡15

አባቴ የምድር ባቡር ሰው ነው። ለገሃር 31 ዓመት በመካኒክነት ሠርቷል። አማርኛው ሲጠፋበት ፈረንሳይኛው ይመጣል። ንጋት 11 ሰዓት ላይ ይነሣና ጫማውን ይፈልጋል። «ረፈደብኝ» ይላል።

መጀመሪያ እከራከረው ነበር። «አባዬ፣ ጡረታ ከወጣህ 20 ዓመትህ ነው፣ ባቡሩም ቆሟል» እለው ነበር። በየቀኑ እንደ አዲስ መርዶ ነበር የማረዳው። ይህን ያወቅሁት በጣም ዘግይቼ ነው።

አሁን አብረን እንወጣለን። ቤታችን ብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ስለሆነ ቅርብ ነው። በእግራችን ለገሃር እንደርሳለን። የይሁዳ አንበሳው ሐውልት ጋ እንቆማለን። የጣቢያውን ሕንፃ ያያል። «ዛሬ ጸጥ ብሏል» ይላል። «አዎ፣ ጸጥ ብሏል» እለዋለሁ። እንመለሳለን። ቁርሱን ጥርግ አድርጎ ይበላል። ሥራ ውሎ የገባ ሰው ነው የሚመስለው።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሌላ ሥራ አለው። መርካቶ ምናለሽ ተራ ሄጄ ትልልቅ ብሎን ከነዳዶው ገዛሁለት። በጣሳ ቀላቅዬ አቀርብለታለሁ። ዳዶውን ከብሎኑ ጋር ያጋጥማል፣ ያጠብቃል፣ በጨርቅ ይወለውላል። ፒንሳም አለው፣ ካቻቢቴም አለው። ሹሉን አንሥቻለሁ። ትንንሽ ብሎን አልሰጠውም፤ ጣቱም አይዘው፣ አፉም ውስጥ ሊገባ ይችላል። ሁለት ሰዓት ቀና ሳይል ይሠራል። የማይገጥም ዳዶ ሲያገኝ ለብቻው ያስቀምጥና «ይሄ የኛ አይደለም» ይለኛል።

እናትሽ እንጀራ ነው የኖሩበት። ከዚያ ፈልጊ።

ሲስተር
ጥቅምት 25፣ ከቀኑ 7፡30

ነርስ ነኝ፤ የነርቭ ሕሙማን ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ቡናውና ብሎኑ ለምን እንደሚሠራ ልንገራችሁ።

አልዛይመር ቀድሞ ከሚነካቸው የአንጎል ክፍሎች አንዱ ሂፖካምፐስ ይባላል። አዲስ ነገር የሚመዘገበው በሱ ነው። ቁርስ በልተው «አልበላሁም» የሚሉት ለዚህ ነው። እጅ የለመደው ሙያ ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው። በአንጎል ጥልቅ ክፍሎችና ከኋላ በኩል ባለው ሴሬቤለም ላይ ይመሠረታል። እነዚህ ብዙ ጊዜ ዘግይተው ነው የሚጎዱት። «ቡና እንዴት ነው የሚለቀመው?» ብትሏቸው ላይመልሱ ይችላሉ። ሰፌዱን ስትሰጧቸው ግን ያውቁታል። ስለዚህ አትጠይቁ። አሳዩ፣ ዕቃውን እጃቸው ላይ አድርጉ፣ አብራችሁ ጀምሩ።

ደግሞ የመርሳት ችግር ሁሉ አልዛይመር አይደለም። አልዛይመር ከመቶ 60 እስከ 70 የሚሆነው ነው። ከደም ሥር ጉዳት፣ ከስትሮክና ከደም ግፊት ጋር የሚያያዝም አለ። በዚያኛው አንዳንዱ ሰው ትውስታው ደህና ሆኖ ሥራ መጀመር ነው የሚያቅተው። ሰነፍ ሆኖ አይደለም። የመጀመሪያውን ሽንኩርት እናንተ ላጡለት።

ሥራውን ቆራርጡት። «ወጥ ሥሪ» ብትሏቸው ይጨነቃሉ፤ ወጥ ውስጥ ስንት ሥራ አለ። ሽንኩርት መላጥ ግን አንድ ሥራ ነው።

እንቢ ካሉ ዓይናቸውንም አስቡ። ድፍን ምስር ጥቁር ትሪ ላይ ለደከመ ዓይን አይታይም። ነጭ ጨርቅ አንጥፉበት፣ መስኮት አጠገብ አስቀምጧቸው። መነጽራቸው ከተጠረገ ስንት ጊዜው ነው?

የ11 ሰዓቱ «ቤቴ ልሂድ» ብዙ ቤት ያለ ነገር ነው። ቀኑ ሲመሽ፣ ጥላ ሲበዛ፣ ድካሙ ሲመጣ ይረበሻሉ። ከመጨለሙ በፊት መብራት አብሪ። 10 ሰዓት ተኩል ላይ የሚያዝ ሥራ ይኑራት። የታጠበ ነጠላ ማጣጠፍ ጥሩ ነው።

አንድ አደራ። በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ድንገት ከተለወጡ፣ ከፈዘዙ ወይም ከተሸበሩ፣ «በሽታው ባሰባት» ብላችሁ ቤት አትቀመጡ። የሽንት ኢንፌክሽን፣ የውኃ ማነስ፣ የሆድ ድርቀት ወይም አዲስ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። ቶሎ ሐኪም ጋ ውሰዷቸው። ገና ያልተመረመረ ሰው ያላችሁም አትዘግዩ። የቫይታሚን ቢ12 እጥረትና የታይሮይድ ችግር መርሳት ያመጣሉ። በደም ምርመራ ይታወቃሉ፣ ይታከማሉም።

ጋሽ አራዳ
ጥቅምት 25፣ ከምሽቱ 1፡50

ልጆች፣ አትቀየሙኝ። እኔ 71 ዓመቴ ነው። እናትን አስቀምጦ መጦር ነው ወጋችን። ስድስት ልጅ እንጀራ ሸጣ ያሳደገች ሴት ዛሬም ሽንኩርት ትላጥ? ጎረቤት መጥቶ ቢያይ «አሮጊቷን ያሠሯታል» አይልም? ለበሽታውስ ጸበል ሞክራችኋል?

የአፍንጮ በር ልጅ
ጥቅምት 25፣ ከምሽቱ 2፡30

ጋሼ፣ አልቀየምም። እኔም እስካለፈው ሳምንት እንደርስዎ ነበር የማስበው። ጸበል እንወስዳታለን፣ እዚያ ስትደርስም ደስ ይላታል። መድኃኒቷንም አላቋረጥንም። ሥራውን ግን የጠየቀችኝ እሷ ናት። ስቀማት ነው ፊቷ የሚጠቁረው።

ጋሽ አራዳ
ጥቅምት 26፣ ከጠዋቱ 12፡40

ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። እኔንም ልጆቼ «አርፈህ ተቀመጥ» ይሉኛል። አልወደውም። ለምን እንደማልወደው አስቤው አላውቅም ነበር።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ምርቃት አትንፈጊያት። ማዕድ ሲቀርብ «እማዬ፣ ባርኪልን» በያት። ቡናው ሲያልቅ አስመርቂያት። ሰው ከቤት ሲወጣ እሷ ጋ ጎንበስ ብሎ ይውጣ። ታላቅ እህቴ ሰው መለየት ካቆመች በኋላም ምርቃቷ አንድ ቃል አይጎድልበትም ነበር። እኛም አሜን እንል ነበር፣ ከልባችን።

የአውቶቡስ ተራዋ
ጥቅምት 27፣ ከምሽቱ 3፡10

አሰላሙ አለይኩም። አባቴ መርካቶ ውስጥ 40 ዓመት ጨርቅ ሸጠዋል። አሁን ስሜን አያውቁትም። «አንቺ ልጅ» ነው የሚሉኝ። አቡጀዲ ሲነኩ ግን ዋጋ ይነግሩኛል፣ የድሮውን ዋጋ።

10 ሜትር አቡጀዲ ገዛሁና የእንጨት ሜትራቸውን አወጣሁላቸው። ይለካሉ፣ ያጥፋሉ፣ ይደረድራሉ። እኔ ገዢ እሆናለሁ። «ቀንሱልኝ» እላለሁ። «ከዚህ በታች ኪሳራ ነው ልጄ» ይሉኛል። ልጄ የሚሉኝ ያኔ ነው። እኔ ለዚያች ቃል ስል በየቀኑ እገበያያለሁ።

ሶላት ሲደርስ ወንድሜ አጠገባቸው ይቆማል። እሱ ሩኩዕ ሲያደርግ እሳቸውም ጎንበስ ይላሉ። ሰግደው ረስተው እንደገና ቢነሡ አናርማቸውም።

የተቸገርነው ረመዳን ላይ ነው። የስኳር ሕመም አለባቸው፣ «ጾመኛ ነኝ» ብለው ምግብ ይገፋሉ። መጾም ለማይችል በሽተኛ ፊድያ አለ፣ በየቀኑ አንድ ምስኪን ማብላት። ያንን ምግብ እሳቸው ራሳቸው እንዲሰጡ አደረግን። በየቀኑ በር ላይ ቆመው በእጃቸው ሰጡ። ከዚያ ተመልሰው ይበላሉ። ለምን እንደሆነ ላስረዳ አልችልም፤ የሰጡ ቀን ተከራክረውን አያውቁም።

ከፒያሳ የወጣን
ኅዳር 1፣ ከቀኑ 9፡20

እኔ ምክር የለኝም፣ ጥያቄም አይደለም። ያለንበትን ልንገራችሁ።

ሰፈራችን ዶሮ ማነቂያ ነበር። በ2016 ፈረሰ። አባቴ 82 ዓመቱ ነው። አሁን የምንኖርበት ቤት ንጹሕ ነው፣ ውኃም አለው። ግን ለሱ አገሩ አይደለም። የድሮው ሰፈር እያለ፣ ቢጠፋ እንኳን ሱቅ ጠባቂው፣ ሊስትሮው፣ ዳቦ ሻጯ ያውቁታል፣ እጁን ይዘው ያመጡታል። ሰፈሩ ነበር አብሮን የሚጠብቀው። አሁን ከበር ከወጣ የሚያውቀው ሰው የለም። ስለዚህ ስሙንና የኔን ስልክ ጽፌ ኮቱ ውስጥ ሰፍቼበታለሁ። ላላደረጋችሁ ሁሉ እለምናችኋለሁ፣ ዛሬውኑ አድርጉት።

አንድ ቀን «ቤታችን ውሰደኝ» ሲለኝ ወሰድኩት። ቦታው ላይ ቆመን «አባዬ፣ እዚህ ነበር፣ ፈርሷል» አልኩት። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ልቅሶ ቤት እንደሚለቀሰው ነው ያለቀሰው። ሁለተኛ አላደረግሁትም።

አሁን የምንሄደው ጊዮርጊስ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ቦታው ላይ አለ። በየወሩ በ23 በጠዋት እንወጣለን። በሩን ሲሳለም ያለበትን ያውቃል። ዛፉ ሥር ይቀመጣል፣ አንድ ሁለት የድሮ ሰው አይጠፋም። ዕለቱ ማክሰኞ ይሁን ሐሙስ አይለየውም። «ዛሬ ሚካኤል ነው» ስለው ግን «12 ነዋ» ይለኛል። እኔም የግድግዳ ካላንደሩን ትቼ በበዓላቱ ነው የማወራው። በ7 ሥላሴ፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም። በዚህ ወሩን ሙሉ መንገድ እናገኛለን።

ከቨርጂኒያ
ኅዳር 2፣ ከጠዋቱ 2፡05

እናቴ አራት ኪሎ ናት፣ እኔ ሩቅ ነኝ። በቪዲዮ ስደውል ሁሌ «ማነኝ? አወቅሽኝ?» እላት ነበር። ልፈትናት ብዬ ሳይሆን በናፍቆት ነው። እሷ ግን ፊቷ ይጨነቃል። አሁን «እማዬ፣ እኔ ልጅሽ ነኝ፣ ታናሹ» ብዬ እጀምራለሁ። ከዚያ ድስቴን አሳያትና «ሽሮዬ ቀጠነ፣ ምን ላድርግ?» እላታለሁ። ትነግረኛለች፣ ትቆጣኛለች። አንዳንዴ 20 ደቂቃ እናወራለን።

ሌላው፣ የምትይዛት ሠራተኛችን ሌሊትም አትተኛም ነበር። ደመወዟን ጨምረን፣ እሑድን ሙሉ ዕረፍት ሰጠናት። የወንድሜ ልጆች ተራ ይገባሉ። የደከመ ሰው አጠገብ እናቴም ትረበሻለች።

የአፍንጮ በር ልጅ
ኅዳር 3፣ ከምሽቱ 3፡00

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወሬ አለኝ፣ ጥያቄም አለኝ።

ሊጥ ሞከርን። እጇን ስታስገባ ፊቷ በራ፣ ግን ምጣድ ልጣድ ብላ አስቸገረች። በርበሬ መቀንጠስም ሞከርን። እጇን ሳትታጠብ ዓይኗን ነካችና ተቃጠለች። ጥፋቱ የኔ ነው። ጥጥና እንዝርት ሰጠኋት፣ ለጥቂት ደቂቃ ፈትላ ተወችው። ምስር ላይ ነው የረጋችው። ሲስተር እንዳለችው ነጭ ጨርቅ ላይ አፈሰስንላት። ጠጠሩን ወዲህ፣ እንክርዳዱን ወዲያ፣ ለራሷ እየዘፈነች ትለቅማለች። ሁለት ኪሎ በሁለት ቀን ጨረሰች።

አብራን ያለችው ልጅ፣ ሠራተኛችን፣ ብልሃት አመጣች። የተለቀመውን ማታ ማታ መልሳ ከጠጠሩ ጋር ትቀላቅለዋለች። እኔ አላወቅሁም ነበር። እናቴ ለሳምንት ያህል በደስታ ለቀመች። ትናንት ግን እጇን አቁማ ልጅቷን ቀና ብላ አየቻትና «ይሄን ለቅሜው አልነበረም?» አለች። ከዚያ ሰፌዱን ገፋችው።

ልጅቷን አልተቆጣሁም። በፍቅር ነው ያደረገችው፣ ከኔ ይልቅ እሷ ናት ቀኑን ሙሉ አብራት የምትውለው። ግን ልክ ነን ወይ?

ጀበና
ኅዳር 3፣ ከምሽቱ 3፡25

እኔም አድርጌዋለሁ፣ የታጠፈ ልብስ ዘርግቼ መልሼ ሰጥቻለሁ። ሲጨንቅ ምን ይደረጋል። ኃጢአት ነው አልልሽም።

ለገሃሬ
ኅዳር 3፣ ከምሽቱ 3፡50

እኔም ብሎኑን ማታ እፈታዋለሁ። ግን ልዩነት አለው መሰለኝ። ጋራዥ ውስጥ የሚፈታና የሚገጠም ነገር በየቀኑ ይመጣል፣ ስለዚህ አባቴ አልተታለለም። ምስር ግን ለድስት ነው የሚለቀመው። ድስት ካልገባ እናትሽ ምኑን ሠራችው? እንጀራ ስትሸጥ ኖራለች። የሠራችው ነገር ከቤት ሲወጣ፣ ሰው ሲወስደው ነው የምታውቀው።

ሲስተር
ኅዳር 3፣ ከምሽቱ 4፡10

ለገሃሬ ያለው ልክ ነው። የተለቀመው ሲበስል ትየው፣ ትቅመሰው። «ምስሩን እማዬ ናት የለቀመችው» ብላችሁ ቤተሰቡ ፊት ተናገሩ። ምስር አልቆ ከሆነ ሌላ ሰው ጋ አይጠፋም። ጎረቤት የለሽም እንዴ?

ጥሬ እህል ወደ አፍ መውሰድ ከጀመረች ግን ምስሩን አንሡ። ያን ጊዜ ልብስ ማጣጠፍ ይሻላል።

የአፍንጮ በር ልጅ
ኅዳር 20፣ ከምሽቱ 2፡15

ዘገየሁ፣ ይቅርታ። ሲስተር፣ «ጎረቤት የለሽም እንዴ?» ያልሽውን ይዤ ግቢ ለግቢ ዞርኩ። አፍንጮ በር ያልፈረሰ የድሮ ግቢ እስካሁን አለ፣ በር ለበር ነን። በሽታዋን ደብቀን አናውቅም ማለት አልችልም፤ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ እናስገባት ነበር። እንዲህ ነው ብዬ ሳስረዳ ግን አንድም ሰው ፊቱን አላዞረም።

ኅዳር 12 ሰፈሩ ቆሻሻ ሲያቃጥል ጭሱ ገባ። እናቴ ሸተታትና ቀና ብላ «ኅዳር ታጠነ» አለች። ከዚያ በ1911 ስለነበረው የኅዳር በሽታ፣ ሰው በየቤቱ ስለማለቁ፣ የገዛ እናቷ የነገረቻትን ሳታቋርጥ ነገረችን። ልጆቼ ከፊቷ መሬት ላይ ተቀምጠው ሰሙ። የዚያን ዕለት ምሳ መብላቷን አታስታውስም ነበር።

ጾሙ ኅዳር 15 ሲገባ ምስር ፈላጊ በዛ። የመጀመሪያዋ ጎረቤታችን ሦስት ኪሎ ይዛ መጣች። በሩ ላይ ቆማ «እትዬ፣ ዓይኔ ደክሞብኛል፣ ይልቀሙልኝ» አለቻት። እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። ላስቲኩን ተቀብላ በእጇ መዘነችው። «ለመቼ ነው የምትፈልጊው?» አለቻት።

ይህን ድምፅ ከሰማሁት ቆይቻለሁ። ደንበኞቿን የምታነጋግርበት ድምፅ ነው።

«ለአርብ» አለች ጎረቤታችን። ሐሙስ አለቀ። ስትወስደው አመሰገነቻት፣ አንድ ጭልፋ ወጥ በሳህን መልሳ አመጣችላት። ከዚያ ወዲህ አራት ቤት ያመጣል። ሠራተኛችን የቱ የማን እንደሆነ በላስቲኩ ላይ ቋጠሮ እያበጀች ትለያለች።

ሁሉም ነገር ተስተካከለ አልላችሁም። 11 ሰዓት ላይ «ቤቴ ልሂድ» ዛሬም አለች። ባለፈው ሳምንት ግን ሁለት ቀን ሳትል መሸ። ያን ሁለት ቀን ነጠላ ስታጣጥፍ ነበር። ነገ ጽዮን ማርያም ናት፣ ነጩን ነጠላዋን እሷው አጥፋ ራስጌዋ አስቀምጣለች።

ጀበና
ኅዳር 20፣ ከምሽቱ 2፡40

እንኳን አደረሳችሁ። እኔ ቀበና ነኝ፣ ሩቅ አይደለሁም። ነጭ ሽንኩርት ይልጣሉ እናትሽ?

የአፍንጮ በር ልጅ
ኅዳር 20፣ ከምሽቱ 2፡52

ትልጣለች። አምጪ። ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ነይ፣ ቡናም አለ። ለመቼ እንደምትፈልጊው አስበሽ ነይ፣ ትጠይቅሻለች።